ሰው የሰው ካሳ ይሆናልን?

ካሳ የሚባል ስም አለ። ትርጉሙን አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ነገር የሚከፈል ማለት ነው። እንግዲህ ካሳ ከመወለዱ በፊት አንድ ነገር ጠፍቷል። የጠፋው አባት ሊሆን ይችላል፣ ሀብት ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ልጅ ነው። ወላጅ ልጁን ቀብሮ ሌላ ሲወልድ አዲሱን ካሳ ይለዋል፤ ወይም ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ ይለዋል። ሴት ከሆነች ካሳነሽ ትባላለች። በትግርኛ ካሕሳይ ይባላል። ስሙ ስለተለመደ ቆሞ የሚመረምረው የለም። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ሰው የሰው ካሳ ሊሆን ይችላልን? የማይችል ከሆነ፣ እናት በልጅዋ ላይ ሐሰት ተናግራለችን?

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሆኜ ነው። ፔዳ ስም በየክፍሉ በየቀኑ የሚጠራበት ግቢ ነው፤ ለዚህ ምርመራም የሚጠቅም አንድ ማስረጃ ራሱ ፔዳ የሚለው ስም ይሰጠኛል። ወደ እርሱ እደርሳለሁ። አስቀድሜ ካሳ ምን እንደሆነ ልጠይቅ።

ካሳ እንዲኖር አራት ነገር ያስፈልጋል፦ የተጎዳ ሰው፣ ጉዳቱን ያደረሰ፣ የሚከፈል ነገር፣ እና መለኪያ። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ነገሩ ምጽዋት ወይም ስጦታ ይሆናል እንጂ ካሳ አይሆንም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መለኪያው ሲደነግግ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ይህ ለበሬና ለቤት ይሠራል። በሬ በበሬ ይለካል። ልጅ ግን በምን ይለካል?

የሞተው ልጅ ሊተካ የሚችል ነበር ወይስ አልነበረም? የሚተካ ከነበረ ለቅሶው ስለ ምን ነበር? ሌላ እስኪወለድ መጠበቅ ብቻ ይበቃ ነበር። የማይተካ ከነበረ ደግሞ ኋላ የተወለደው ልጅ ዋጋው ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያው መንገድ ሟቹ ይዋረዳል። በሁለተኛው መንገድ ስሙ ሐሰት ይሆናል። በሕይወት ያለው ልጅ ግን በሁለቱም ይጎዳል፤ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሌላ ሲባል ተፈልጓልና።

አንድ ሰው እንዲህ ይለኝ ይሆናል፦ ስም መጥሪያ ነው፤ እውነት ወይም ሐሰት የሚባለው ዐረፍተ ነገር ነው እንጂ ስም አይደለም። ይህ መቃወሚያ ለሌላ አገር ስም ይሠራ ይሆናል። የእኛ ስሞች ግን አብዛኞቹ ዐረፍተ ነገር ናቸው። ካሳሁን ትእዛዝ ነው፤ የሚታዘዘውም ሕፃኑ ነው። ካሳነሽ ፍርድ ነው፤ ለሕፃኒቱ በፊቷ ይነገራል። ካሳዬ የእኔ ነህ ይላል። ተካልኝ ግን ወደ ሕፃኑ አይመለከትም። በአንድ በኩል ቢነበብ እርሱ ተካልኝ የሚል ምስጋና ነው፤ በሌላ በኩል ቢነበብ አንተ ተካልኝ የሚል ልመና ነው። እናት ልጅዋን በጠራች ቁጥር አንድ ቃል ለሌላ ትናገራለች። ስለዚህ እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ያ ሌላ ማን ነው? ካሳ ከፋይ ይፈልጋል። ልጁን የገደለው በሽታ ቢሆን በሽታ አይከፍልም። የሚከፍል አንድ ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም የሚነሳውም እርሱ ነው የሚባለው። እንግዲህ ካሳ ብላ ስም የምታወጣ እናት እግዚአብሔርን ባለዕዳ አድርጋዋለች። ይህ ከባድ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተንበርክካ የማትናገረውን በልጅዋ ስም ትናገራለች።

መልስ ይመጣል፦ እርስዋ ያለችው እንደዚያ አይደለም፤ ምስጋና ማቅረቧ ነው። እኔም እመልሳለሁ፦ ምስጋና ከፈለገች ስም አልጠፋም። ሀብቱ፣ ምስጋናው፣ ሰጠኝ ማለት ትችላለች። ስጦታን ከካሳ ለይታ ታውቃለች፤ ጎረቤቷ እህል ሲሰጣት ስጦታ፣ የጎረቤቷ ከብት ማሳዋን ሲበላባት ካሳ ትላለችና። ከብዙ ቃል መካከል ይህን መርጣለች። ምርጫዋን ማክበር ካለብን ቃሉን እንደ ተናገረችው መውሰድ ይገባናል።

መጽሐፈ ኢዮብ ይህን ነገር በቁጥር ያሳያል። ኢዮብ 7,000 በግና 3,000 ግመል ጠፍቶበት በመጨረሻ 14,000 በግና 6,000 ግመል ተሰጠው። እንስሳው ሁሉ እጥፍ ሆነ። ልጆቹ ግን 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ነበሩ፤ በኋላም 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ወለደ። ለምን 20 አልሆኑም? ጥንታውያን ተርጓሚዎች የፊተኞቹ በሌላው ዓለም ስላሉ ከኋለኞቹ ጋር ይቆጠራሉ ብለው መልሰዋል። ይህ መልስ ሌላ ነገር ያስከትላል፦ የፊተኞቹ አሁንም የእርሱ ከሆኑ የኋለኞቹ ካሳ አይደሉም፤ ሌሎች ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከመጽሐፉም ቢሆን በሬና ሰው በአንድ ሚዛን እንደማይሰፈሩ እማራለሁ።

የዚህ ስም የመጀመሪያ ባለቤትም በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ይገኛል። ቃየን አቤልን ከገደለ በኋላ ሔዋን ሴት የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር እንደ ተሰጣት ተናግራ ስሙን አወጣች። እንግዲህ በዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ምትኩ ሴት ነው። ኖኅም ከሴት ዘር ስለሆነ፣ ታሪኩን ለሚቀበል ሰው የሰው ልጅ ሁሉ የምትክ ልጅ ነው። ሔዋን ያለችውን ግን ልብ እላለሁ። ሌላ አለች እንጂ እርሱ ተመለሰ አላለችም።

ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ አያቱ ከሞተ በኋላ የተወለደ ወንድ ልጅ ባባቱንዴ ይባላል፤ አባት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በአውሮፓ ደግሞ የሞተውን ልጅ ስም ለተከታዩ መስጠት የተለመደ ነበር። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎኽ በመጋቢት 30 ቀን 1853 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ ልክ ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ቀን ቪንሰንት የተባለ ወንድሙ ሞቶ ተወልዶ ነበር። ሠዓሊው ያደገው የራሱ ስም የተጻፈበት መቃብር ባለበት መንደር ነው። የመጀመሪያው ስም ሞት የለም ይላል። ሁለተኛው ስም ሞትን ይሸፍናል። ካሳ ግን ሁለቱንም አያደርግም። አንዱ ሄደ፣ ሌላ መጣ ይላል። ቢያንስ በዚህ ሐቀኛ ነው።

አሁን ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። ትርጉሙን ማን ይሰማዋል? ካሳ ብሎ የሚጣራ ሰው ስለ ዕዳ አያስብም፤ ከብዙ መጠራት የተነሣ ትርጉሙ ሞቷል። የፔዳ ማስረጃ ለዚህ መቃወሚያ የሚጠቅም ይመስላል። በ1965 ዓ.ም እዚህ የፔዳጎጂ አካዳሚ ተከፈተ። በኋላ ስሙ ተለወጠ፤ በ1992 ዓ.ም ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አካዳሚው የለም፤ ፔዳ ግን አለ። የባጃጅ ሾፌሩ ፔዳ ሲል ስለ ማስተማር ጥበብ አያስብም፤ ግቢውን ያስባል። እንግዲህ ስም ትርጉሙን ጥሎ ሊኖር ይችላል።

እውነት ነው፤ ነገር ግን ፔዳ ትርጉሙን የጣለው ከባዕድ ቋንቋ ስለመጣና ስለተቆረጠ ነው። ካሳ ግን ያልተቆረጠ፣ በየቀኑ የሚሠራ ቃል ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ ከተማው ሲሰፋ መሬቱ የሚወሰድበት ገበሬ የሚከራከረው ስለ ካሳ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ካሳ አከፋፈል የወጣ ነው። ቃሉ በፍርድ ቤትና በቀበሌ ነቅቶ እየሠራ በስም ውስጥ ብቻ ሊሞት አይችልም። ተኝቶ ይሆናል። የተኛ ትርጉም ደግሞ ይቀሰቀሳል። በጎጃም ስለ በላይ ዘለቀ የሚነገረው ይህ ነው፤ ማዕረግ ቢሰጡት እናቴ በላይ ብላኛለች፣ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ አልሻም አለ ይባላል። በልጅነቱ መጥሪያ የነበረው ስም በአንድ ቀን ክርክር ሆነ። ካሳ የተባለውም ሰው አንድ ቀን የማን ካሳ ነኝ ብሎ ይጠይቃል።

ስሙ ኃይል አለውን? ኃይል ስል ባለቤቱን ይገዛዋልን ማለቴ ነው። ታሪክን እጠይቃለሁ። ከጣና በስተ ምዕራብ ቋራ የተወለደው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ላይ ነግሦ ቴዎድሮስ ተባለ። ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም አክሱም ላይ ነግሦ ዮሐንስ ተባለ። በ17 ዓመት ውስጥ ሁለት ካሳዎች ነገሡ፤ ሁለቱም ስሙን በዙፋን ስም ለወጡ። የነገሠ ሰው የዙፋን ስም መያዙ ሥርዓት ነበር። ቢሆንም ልዩነቱን አያለሁ። ካሳ ወደ ኋላ፣ ወደ ጠፋው ያመለክታል። ቴዎድሮስ ወደ ፊት፣ ሊመጣ በትንቢት ይጠበቅ ወደነበረው ንጉሥ ያመለክታል። የእናት ሐዘን ለመንግሥት ስም አልበቃም።

የዙፋን ስም ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ግን አይቻልም። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል ያረፉበት ነው። የመጀመሪያው ቆስጠንጢኖስ፣ ሁለተኛው ዓለም ሰገድ ተብለው ነግሠዋል። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ዘርዓ ያዕቆብና ፋሲል ይላቸዋል። ከዚህ አንድ ነገር አገኛለሁ፦ ስም ሦስት ባለቤት አለው፤ አውጪው፣ ተጠሪው፣ ጠሪው። አውጪው ይጀምረዋል፤ ተጠሪው ሊሸሸው ይሞክራል፤ የሚወስነው ግን ጠሪው ነው።

ስሙ ዕድልን አይሠራም። ስሙ ከቴዎድሮስ የልደት ስም ጋር አንድ የሆነው ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ሦስት ልጆቹን፣ ወንድወሰንን፣ አበራንና አስፋወሰንን፣ በ1929 ዓ.ም ፋሽስቶች ገደሉበት። የቀረለትን አሥራተን ደግሞ፣ እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም ደርግ ገደለው። ካሳ ተብሎ የተጠራ ሰው ያለ ካሳ ቀረ። እንግዲህ ስሙ አይጠብቅም፣ አይከለክልም። ኃይሉ በተናገረው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ የተናገረው እውነት መሆኑን መመርመሩ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ካሳንና ምትክን መለየት አለብኝ፤ እስካሁን አብረው ሄደዋልና። ምትክ ቦታን ይሞላል። ካሳ ይገባኛል ባይነትን ይዘጋል። ቦታ ደግሞ ሊሞላ ይችላል። የሞተው ልጅ ጥጃ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ሌላው ይጠብቃል። በምድጃው ዙሪያ መቀመጫ ነበረው፤ አሁን ሌላው ይቀመጥበታል። በዚህ ሰውየው አልተተካም፤ ቦታው ተተካ። ስለዚህ ምትኩ የሚለው ስም ስለ ቦታው ከሆነ እውነት ነው።

ከጣና ሰሜን ምሥራቅ ባለችው በእንፍራዝ ይህን የሚያሳይ ሰው አለ። ከንጉሡ ሌላ በሆነው ፈላስፋ ስም በሚጠራው በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ እንደተጻፈው የፈላስፋው ጌታ የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወት ደቀ መዝሙሩ ነበር፤ መጠሪያ ስሙም ምትኩ ነው። የመጽሐፎቹ ደራሲ ማን ነው የሚለው የምሁራን ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በጽሑፉ ያለው ምትኩ መምህሩ ሲሞት ብዕሩን ተቀበለ። የጻፈው ግን የመምህሩን ቅጂ አይደለም። መምህሩ ብቻውን ይመረምራል፤ ምትኩ ሰውን ይመክራል፣ ቤትን፣ ትዳርን፣ ሥራን ያስተምራል። ቦታውን ያዘ፤ ሰውየውን ግን አልሆነም። ምትክ ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ምትኩ እውነት ሆኖ ተገኘ። ካሳስ? ሕጉ እኩልነትን ይጠይቃል፤ እኩልነት ደግሞ በሰው መካከል እንደማይገኝ አይቻለሁ። ነገር ግን ካሳ ከሕጉ በፊት ነበረ። ሰው ሲገደል በአማራ አገር ደም አድራቂ ሽማግሎች ይቀመጣሉ። ገዳይ ወገን ይከፍላል፤ ሟች ወገን ይቀበላል፤ ይማማላሉ። በዚያ ጉባኤ ላይ የተቆጠረው ገንዘብ የሟቹ ዋጋ ነው የሚል አንድ ሰው አለን? የለም። ቢል ዕርቁ ይፈርሳል። ሁሉም እኩል እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ እያወቁም ካሳ ይሉታል። ምክንያቱም ሥራው ሟቹን መመለስ አይደለም፤ የሚቀጥለውን መግደል ማስቆም ነው። የደም ካሳ የጠብ መዝጊያ ነው።

እንግዲህ በደም ነገር ካሳ ከጥንት እኩልነት ማለት አልነበረም። እኩልነት የከብትና የቤት ሕግ ነው። ይህ ከሆነ፣ ሟቹ ይዋረዳል ወይም ስሙ ሐሰት ነው ብዬ ካቆምሁት ሁለት መንገድ መውጫ ይከፈታል። እናት ካሳ ስትል ይህ ልጅ የዚያ ዋጋ ነው አላለችም። ክሱን ዘጋሁ አለች። ተቀበልሁ፤ ከእንግዲህ አልከስህም አለች። ይህን ከሌላ ስም ጋር ሳነጻጽር ይበልጥ ይጠራልኛል። ደመላሽ የሚባል ስም አለን። እርሱም የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ እርሱ ግን ጠቡን ክፍት አድርጎ ለሕፃን ያወርሳል። ካሳ ጠቡን በአንዲት ሴት ዕድሜ ይዘጋል። ከአንድ ሐዘን ሁለት ስም ይወጣል፤ አንዱ ዕርቅ፣ አንዱ ጦር።

ግን ከማን ጋር ታረቀች? በዳዩ ሳይናዘዝ ዕርቅ አለን? ይህ መቃወሚያ ይከብደኛል፤ ሙሉ መልስም አላገኘሁለትም። ይህን ብቻ እላለሁ፦ በሽማግሎች ፊትም አንዳንድ ጊዜ የሚታረቀው ተበዳዩ መኖር ስላለበት ነው። የሚጠባ ልጅ በእጁ ያለ ሰው ክስ ይዞ ሊኖር አይችልም። እናቲቱን ብጠይቃት፣ ልጄ፣ ላጠባው ነበረብኝ ትለኝ ይሆናል። ይህ የፈጣሪን ነገር አይፈታም። የእናትን ግን ይፈታል።

ሌላ መቃወሚያ ቀርቷል። ልጁ አልተጠየቀም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሕፃን ስም የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ስሙን የመምረጥ መብት ግን በልደት ቀን ለማንም ሊሰጥ አይችልም። ታዲያ ካሳሁን የተባለው ሰው ታዟልን? ዕዳ አለበትን? የለበትም እላለሁ። ዕርቁ የሁለት ወገን ነው፤ እናት በአንድ በኩል፣ የሰጠና የነሳው በሌላ በኩል። ሦስተኛ ሰው ባልተዋዋለው አይገደድም። ሕፃኑ በዚህ ዕርቅ ምስክር እንጂ ከፋይ አይደለም። የሞተውን ወንድሙን ያህል ብርቱ፣ ያን ያህል ተወዳጅ እንዲሆን የሚጠይቁት ዘመዶች ካሉ የሚጠይቁት ስሙ ያልተናገረውን ነው። ሊሸሸው ቢፈልግም ነጻ ነው፤ ሁለት ነገሥታት ለውጠውታልና።

ስሙ ዛሬ እየቀነሰ ይመስለኛል። ይህን የማየው በስም ዝርዝር ላይ ነው። በእኛ ሥርዓት ቤተሰብ ስም የለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንዲኖር ቢደነግግም አልጸናም። ዝርዝሩ ሦስት ዓምድ አለው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ካሳ ድሮ በመጀመሪያው ዓምድ ነበር። አሁን በፔዳ ክፍሎች ናትናኤል፣ ያፌት፣ ሜላት ከሚሉ ስሞች በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ይገኛል። አንድ ትውልድ ሲያልፍ ስም አንድ ዓምድ ይሄዳል፤ ከሦስተኛው በኋላ ከወረቀቱ ይወጣል። የቀነሰው ለምንድን ነው? ፋሽን ነው ይባላል፤ አልክድም። ከፋሽኑ ሥር ግን ሌላ ምክንያት አለ። በ1992 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆነ። ልጅ ያልሞተባት እናት ብዙውን ጊዜ ካሳ የምትልበት ምክንያት የላትም።

የሞቱት ልጆች ግን የት ተጻፉ? ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ከዚያ በፊት የሞተ ብዙ ጊዜ የክርስትና ስም የለውም። መንግሥት ልደትና ሞትን በየቀበሌው መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። የሞተው ልጅ በሦስቱ ዓምድም ቦታ የለውም፤ ዓምዱ የሚያልፈው በወለዱት ብቻ ነውና። ለብዙዎቹ የቀረው ማስረጃ አንድ ነው፤ ኋላ የተወለደው ወንድም ወይም እህት ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ መባሉ። ማስረሻ እንኳ፣ እንዲያስረሳ ተብሎ የወጣው፣ የሚረሳ ነገር እንደነበረ በየቀኑ ይመሰክራል። እንግዲህ ይህ ስም የሁለት ሰው ነው። አንዱ ይጠራበታል፣ ሌላው ይታወስበታል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዲህ እመልሳለሁ። ሰው የሰው ካሳ አይሆንም፤ ዋጋ ማለት ከሆነ። ካሳ የሚለው ስም ግን ሐሰት አይደለም፤ የሚናገረው ስለ ልጁ ዋጋ ሳይሆን ስለ እናቲቱ ክስ መዘጋት ነውና። ስሙን የያዘ ሰው ዕዳ የለበትም፤ ነገር ግን የማን ካሳ እንደሆነ ጠይቆ ማወቅ ይገባዋል፤ ያ ሟች ሌላ የሚጠይቅለት የለውምና። ለአዲስ ወላጅም ይህን ስም አውጣ ብዬ አልመክርም። ልጅ ስለማይሞት ስሙ ቢጠፋ ደስ ይለኛል። የገጠር ሰው ስም ነው ተብሎ በእፍረት ቢጠፋ ግን በደል ነው እላለሁ። አሁን እየጠፋ ያለው ከሁለቱ በየትኛው ምክንያት እንደሆነ እያንዳንዱ ቤት ራሱን ይመርምር።